ተማሪውን ከመውቀስ በፊት ትምህርቱን መመርመር

ትምህርት ብርሃን ነው የሚለውን ቃል የማይናገር የለም፤ እውነትነቱንም የሚክድ አይገኝም። ነገር ግን ብርሃን ለሰው የሚጠቅመው እርሱ ካለበት ስፍራ ሲደርስ ነው። አንድ ሰው ፋኖሱን አብርቶ በእንቅብ ቢከድነው፥ ከዚያም በቤት ውስጥ ያሉት ሰዎች እየተደናበሩ እርስ በርሳቸው ሲጋጩ አይቶ «እነዚህ ሁሉ ዕውሮች ናቸው» ብሎ ቢፈርድባቸው፥ ፍርዱ ግፍ መሆኑን ሕፃን እንኳ ይረዳዋል። በትምህርት ቤት ግን ይህን የመሰለ ፍርድ በየዓመቱ ይፈረዳል፤ የሚያስደንቀውም ነገር ፈራጁ መፍረዱ ብቻ ሳይሆን፥ የተፈረደበት ልጅና ወላጆቹ ጭምር ፍርዱን እውነት ነው ብለው መቀበላቸው ነው።

የፍርዱም አካሄድ እንደዚህ ነው። መምህሩ በሰሌዳው ላይ ይጽፋል፤ ያነብባል፤ ደወል ሲደወል ይሄዳል። ከተማሪዎቹም ጥቂቶቹ ያስተውላሉ፤ የሚበዙት ግን ነገሩ ሳይገባቸው ይቀራሉ። የፈተና ቀን በደረሰ ጊዜ ያልገባው ልጅ ይወድቃል፤ ስሙም ከሰነፎች ጋራ ይቈጠራል። አባቱም «ልጄን ቀለም አልዘልቀው አለ» ብሎ ወደ እርሻው ወይም ወደ ሱቁ ይመልሰዋል። ትምህርቱ በምን ቋንቋ እንደ ተነገረ፥ በምን ተራ እንደ ተሰናዳ፥ ከኋላ የተቀመጠው ልጅ ሰሌዳውን ያይ እንደ ሆነ፥ ጆሮው የከበደውም ቃሉን ይሰማ እንደ ሆነ የሚጠይቅ አይገኝም። በዚህ ክስ ተከሳሹ ተማሪው ብቻ ነው፤ ትምህርቱ ራሱ ግን አንድ ቀን እንኳ ለምርመራ ሲቀርብ አይታይም።

ይህ ፍርድ መገልበጥ አለበት። ብዙ ተማሪዎች አንድ ትምህርት ባልገባቸው ጊዜ አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው የትምህርቱ አዘገጃጀት ነው፤ ተማሪው ሊወቀስ የሚችለው ትምህርቱ ተመርምሮ ነጻ ከወጣ በኋላ ነው። ይህም አሳብ ለተማሪ ከማዘን ብቻ የመጣ ልስላሴ ሳይሆን፥ በታሪክ ተፈትኖ የጸና እውነት ነው።

ለዚህም የመጀመሪያው ምስክር በፈረንሳይ አገር የሆነው ነገር ነው። ቫለንቲን አዊ የተባለው ሰው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1785 በፓሪስ ከተማ የዐይነ ስውራን ትምህርት ቤት አቋቋመ። ዐይነ ስውር ይማራል ብሎ የሚያስብ ሰው በጠፋበት ዘመን ይህን ማድረጉ ታላቅ ምስጋና የሚገባው ሥራ ነው። ነገር ግን ለማንበቢያ ያዘጋጀላቸው ዐይናማ ሰው የሚያነባቸውን እነዚያኑ የላቲን ፊደሎች በወረቀት ላይ ጐልተው እንዲወጡ አድርጎ በማተም ነበር። ተማሪዎቹም የእያንዳንዱን ፊደል ማዕዘንና ጠመዝማዛ በጣታቸው እየተከተሉ ማንበብ ግድ ሆነባቸው። ንባቡ እጅግ ይዘገይ ነበር፤ መጻሕፍቱም ትልልቅና ከባድ ነበሩ፤ በዚያም ፊደል ዐይነ ስውሩ በገዛ እጁ ለመጻፍ አይመቸውም ነበር። ይህን ያየ ሰው «ለዐይነ ስውር ንባብ አይሆነውም» ብሎ ለመፍረድ ምንም አልቸገረውም።

በዚያ ትምህርት ቤት በ1819 ሉዊ ብሬል የተባለ የ10 ዓመት ልጅ ገባ። እርሱም ኮርቻ ከሚሠራ አባት በ1809 የተወለደ ሲሆን፥ በ3 ዓመቱ በአባቱ መሥሪያ ቤት በወስፌ ሲጫወት ዐይኑን ወግቶ በኋላ የሁለቱንም ዐይኖቹን ብርሃን ያጣ ነው። ሻርል ባርቢዬ የተባለ የጦር መኰንን በነጥብ የሚጻፍ ጽሕፈት አውጥቶ ለትምህርት ቤቱ አቅርቦ ነበር፤ ነገር ግን የአንዱ ምልክት ነጥብ እስከ 12 ይደርስ ስለ ነበር በጣት ጫፍ በአንድ ጊዜ የሚዳሰስ አልሆነም። ብሬል ግን ከጣቱ ጫፍ ስፋት ተነሥቶ ነጥቦቹን ወደ 6 አወረዳቸው። በ1824 ገና የ15 ዓመት ልጅ ሳለ የፊደሉን ሥርዐት አቆመ፤ በ1829ም አሳተመው።

እንግዲህ ብሬል የለወጠው ምንድር ነው? የጓደኞቹን ጣት አልለወጠም፤ አእምሯቸውንም አልሳለም፤ የሚነበበውንም መጽሐፍ አላቀለለም። የለወጠው ፊደሉን ብቻ ነው። ትናንት «አይችሉም» ይባሉ የነበሩት ልጆች ዛሬ አነበቡ፤ ጻፉ፤ የሙዚቃ ምልክት እንኳ ሳይቀር በነጥብ ያዙ። ስለዚህ ያልቻለው ተማሪው እንዳልነበረ፥ ለዐይን የተሠራውን ነገር ለጣት የሰጠው አዘገጃጀት እንደ ነበረ ታወቀ። ፍየል ወዲያ ቅዝምዝም ወዲህ ማለት ይህ ነው።

ነገሩም በዚህ አላበቃም። ከዐይናማ መምህራን ብዙዎቹ «ዐይነ ስውሩ ከሌላው ሰው የተለየ ፊደል ሊኖረው አይገባም» ብለው አዲሱን ፊደል ተቃወሙት። ተማሪዎቹ ግን እርስ በርሳቸው ይማማሩበት ነበር። ትምህርት ቤቱ ፊደሉን በይፋ የተቀበለው በ1854 ነው፤ ብሬል ግን በ1852 ዐርፎ ነበር። ፊደሉ ታትሞ ከወጣ ጀምሮ 25 ዓመት ሙሉ ቁልፉ በእጅ ሳለ በሩ ተዘግቶ ኖረ ማለት ነው። ይህን ያደረጉት ክፉዎች አልነበሩም፤ ለተማሪዎቹ በጎ የሚያስቡ ሰዎች ነበሩ። ጥፋታቸው አንድ ነው፤ ትምህርቱን ሲመዝኑ የመዘኑት በራሳቸው ዐይን እንጂ በተማሪው ጣት አልነበረም።

ሁለተኛው ምስክር ከዚህ ይልቅ የሚያሳዝን ነው። በ1880 በኢጣልያ አገር በሚላኖ ከተማ መስማት የተሳናቸውን የሚያስተምሩ መምህራን ጉባኤ ተሰብስቦ፥ እነዚህ ተማሪዎች በምልክት ቋንቋ ሳይሆን የተናጋሪውን ከንፈር እያዩና በአፋቸው ለመናገር እየተለማመዱ ብቻ እንዲማሩ ወሰነ። በዚያ ጉባኤ ድምፅ የሰጡት ከሞላ ጐደል ሁሉም ጆሮአቸው የሚሰማ ሰዎች ነበሩ። ከውሳኔውም የተነሣ በብዙ አገር የምልክት ቋንቋ ከትምህርት ቤት ተባረረ፤ በእጃቸው የሚነጋገሩ ልጆችም ተቀጡ። ቃል ያልደረሰው ልጅም «አእምሮው ደካማ ነው» ተባለ። በ2010 በካናዳ አገር በቫንኩቨር ከተማ የተሰበሰበው የእነዚያው መምህራን ጉባኤ የሚላኖውን ውሳኔ ሽሮ ስለ ደረሰው ጉዳት ኀዘኑን ገለጠ። ከ1880 እስከ 2010 ድረስ 130 ዓመት ነው። በዚህ ዘመን ውስጥ ሊቅ፥ ዳኛ፥ መምህር ለመሆን የተፈጠሩ ስንት ልጆች በዝምታ እንደ ቀሩ ሊቈጥር የሚችል የለም።

«ይህ ሁሉ የፈረንጅ ታሪክ ነው፤ ለኢትዮጵያ ምን ያገባታል?» የሚል ቢነሣ፥ መልሱ ከደጁ ይገኛል። በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ለብዙ መቶ ዓመታት የኖረው የአብነት ትምህርት ቤት ይህን ጥበብ በአንዳንድ ነገር አስቀድሞ አውቆታል። የሚያመሰግኑት ብዙዎች ናቸው፤ በምን ብልሃት እንደ ተሠራ የሚመረምሩት ግን ጥቂቶች ናቸው።

ሕፃኑ በመጀመሪያ «ሀ ሁ ሂ» እያለ በዜማ ይማራል። የአማርኛ ፊደል 33 ቤት በ7 ተባዝቶ 231 ነው፤ ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ በዐይን ለይቶ መያዝ ለሕፃን ከባድ ስለ ሆነ፥ ዜማው ሸክሙን ያቀልለታል። ነገር ግን ዜማ ያታልላል፤ ልጁ በአፉ «ሂ» እያለ በእጁ የያዘው ስንደዶ ሌላ ፊደል ላይ ሊያርፍ ይችላል። አባቶች ይህን ስላስተዋሉ አቡጊዳን አበጁ። በአቡጊዳ የፊደሉ ተራ ተለውጦ «አ ቡ ጊ ዳ» እየተባለ ከቤት ወደ ቤት፥ ከግዕዝ ወደ ካዕብ፥ ከካዕብ ወደ ሣልስ ይዘለላል፤ የለመደው ዜማ አያድነውምና ልጁ ፊደሉን በእውነት ማወቁ ወይም አለማወቁ በዚያ ይገለጣል። የኔታም ያላወቀውን ያንኑ መልሶ ያስጠናዋል እንጂ ወደሚቀጥለው አያሻግረውም። ይህ መፈተን ለማዋረድ ሳይሆን ለማወቅ ነው፤ በጊዜውም የሚደረግ ነው።

ቅኔ ቤትም እንዲሁ ነው። ተማሪው በገባ ሰሞን መወድስ ተቀኝ አይባልም። ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ከዚያ በየደረጃው እያደገ ስምንት ቤት ወዳለው ወደ መወድስ ይደርሳል። ትናንሹን መጀመሩ መወድሱን አላዋረደውም፤ መወድስ ዛሬም መወድስ ነው። ደግሞም ፈጥኖ የገባው ተማሪ የዘገየውን ያስጠናል፤ በማስጠናቱም የራሱን ዕውቀት ያጸናል። አንዱ ሁለት ዓመት፥ ሌላው አራት ዓመት ቢፈጅበት፥ ሁሉም በአንድ ቀን ካልጨረሰ ተብሎ የሚባረር የለም።

ትምህርቱ በቃል የሚነገርና በቃል የሚያዝ በመሆኑም ዐይነ ስውር ከዚህ ጉባኤ አልተከለከለም። አለቃ አያሌው ታምሩ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የዐይናቸውን ብርሃን ያጡ ሲሆኑ፥ ስማቸው ከተጠራ ከቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት አንዱ ለመሆን በቅተዋል። ይኸው ሰው ዕውቀት በሰሌዳ ብቻ በሚሰጥበት ትምህርት ቤት ቢውሉ ኖሮ፥ ከበሩ ሳያልፉ «አይችሉም» በተባሉ ነበር። ሰውዬው አንድ ናቸው፤ የተለየው መንገዱ ነው።

ይህም ሲባል የጥንቱ ትምህርት ቤት ነውር የለበትም ማለት አይደለም። ለዐይነ ስውሩ የተከፈተው የቃል በር መስማት ለተሳነው ልጅ ተዘግቶ ኖሯል። ሴቶች ልጆች ከጥቂቶች በቀር ከጉባኤው ርቀው ኖረዋል። ዳዊት የሚደግመው ልጅ የሚያነበው ግዕዝ ትርጕሙ ምን እንደ ሆነ ሳይነገረው ዓመታት ያልፉ ነበር። አለንጋውና የእግር ብረቱም አይረሱም። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጥ ነው፤ አንድ መንገድ ብቻ ያለው ትምህርት፥ መንገዱ ምንም ያማረ ቢሆን፥ ለአንዱ በር ሲሆን ለሌላው ግድግዳ ነው። ሁሉ እንዲገባ የሚወድ ሰው በሩን ማብዛት ይገባዋል።

እንግዲህ ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ይመለሱ። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል፤ በእነዚህም ዓመታት የትምህርት ቤትና የተማሪ ቍጥር እጅግ በዝቷል፤ ይህም የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን በ2002 ዓ.ም. በስድስት የአገሪቱ ቋንቋዎች የንባብ ችሎታ በተመረመረ ጊዜ፥ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ከሦስቱ አንዱ ያህል የተሰጠውን ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻለም ነበር። ሁለት ዓመት ከትምህርት ቤት ውለው አንዲት ቃል! ከሦስት ሕፃናት አንዱ አእምሮ የጐደለው ሆኖ ተወልዷል የሚል ካለ ደፍሮ ይናገር፤ እንዲህ ለማለት የማይደፍር ከሆነ ግን ጕድለቱ በትምህርቱ መሆኑን ይመን።

የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ደግሞ ይህንኑ ከላይኛው ጫፍ አሳየ። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ከመቶ 50ና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፥ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆኑ። በ2015 ዓ.ም. ከ1300 በሚበልጡ ትምህርት ቤቶች አንድ ተማሪ እንኳ አላለፈም። በዚያን ጊዜ በየአደባባዩ የተሰማው ድምፅ «የዛሬ ልጅ ሰነፈ» የሚል ነበር። ሌሎችም «ቀድሞ በኵረጃ ያልፉ ነበር፤ አሁን ፈተናው ስለ ተጠበቀ እውነቱ ወጣ» አሉ። ይህ ሁለተኛው አባባል እውነትነት አለው፤ ግን ለማን እንደሚመሰክር ያስተውሉት። ኵረጃው የሸፈነው የተማሪውን ስንፍና ብቻ አይደለም፤ 12 ዓመት ሙሉ ሳይገባ የተነገረውን ትምህርትም ሸፍኖ ኖሯል። መሸፈኛው በተነሣ ጊዜ ራቁቱን የቆመው ተማሪው ብቻ መስሎ የታየው፥ ተመልካቹ ሁሉ ወደ እርሱ ብቻ ስለ ተመለከተ ነው። አንድ ገበሬ በሺህ በሚቈጠሩ ማሳዎች ዘርቶ አንድ ዘለላ ባያገኝ፥ ዘሩንና አስተራረሱን ሳይመረምር እሸቱን ይሳደባልን?

በዚህ ላይ የቋንቋው ነገር አለ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ልጁ የመጀመሪያ ደረጃውን በአፍ መፍቻ ቋንቋው እንዲማር አዘዘ፤ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ግን ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆናል። ትናንት በሚያውቀው ቋንቋ ስለ ዝናብና ስለ ተክል ይጠየቅ የነበረው ልጅ፥ ዛሬ ጥያቄውን ራሱን ለማንበብ ይታገላል። እንግሊዝኛ መማር መልካም ነው፤ ነገር ግን ድልድዩን ሳይሠሩ ወንዙን ተሻገር ማለት ሌላ ነው። የፊዚክስ ፈተና የወደቀ ልጅ የወደቀው በፊዚክስ ይሁን በቋንቋ ካልታወቀ፥ ፈተናው ምን ለካ ይባላል?

በዚህ አሳብ ላይ የሚነሡ ተቃዋሚዎች አሉ፤ ቃላቸውም ሊሰማ ይገባል።

የመጀመሪያዎቹ «አባቶች በአለንጋ ተገርፈው፥ በእንተ ስማ ለማርያም ብለው ለምነው ሊቅ ሆነዋል፤ ትምህርት መከራ ይሻል» ይላሉ። እነዚህ የሚቈጥሩት ጸንተው የቀሩትን ብቻ ነው፤ ሸሽተው የጠፉት በማንም መዝገብ አልተጻፉም። ደግሞም ሊቁን ሊቅ ያደረገው አለንጋው አይደለም፤ አቡጊዳውና ጉባኤ ቃናው፥ የኔታም ተማሪውን ለየብቻው ሰምቶ ማረሙ ነው። አለንጋ ብቻ ሊቅ የሚያደርግ ቢሆን ኖሮ በሬ ሁሉ በተቀኘ ነበር።

ሁለተኛዎቹ «ትምህርትን ማቅለል ማዋረድ ነው» ይላሉ። እነዚህ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮችን ያደባልቃሉ። የነገሩ ጥልቀት ሌላ ነው፤ የአነጋገሩ ጨለማነት ሌላ ነው። ተራራው ከፍ ያለ ነው ተብሎ በመንገዱ ላይ እሾህ አይነሰነስም። መንገዱ ቢጠረግ ተራራው አያጥርም፤ የሚወጣው ሰው ብቻ ይበዛል። እንዲያውም ግልጥ አድርጎ ማስተማር ከመምህሩ ብዙ ዕውቀት ይሻል፤ ነገሩን ጠንቅቆ ያላወቀ ሰው የሚሸሸግበት ዋሻ የቃል ጨለማ ነውና።

ሦስተኛዎቹ «ለጥቂቶች ሲባል ብዙዎቹ ለምን ይዘገያሉ?» ይላሉ። እነዚህ ደግሞ በከተማ ያለውን ተዳፋት መግቢያ ይመልከቱ። በደረጃው አጠገብ ለተሽከርካሪ ወንበር ተብሎ በተሠራው መንገድ ሕፃን በጋሪ የምትገፋ እናት ትወጣበታለች፤ ዕቃ የተሸከመ ሠራተኛ ይወጣበታል፤ ጕልበታቸው የደከመ ሽማግሌም ይወጡበታል። በትምህርትም እንዲሁ ነው። መምህሩ በሰሌዳ የጻፈውን ድምፁን ከፍ አድርጎ ቢያነብብ ለዐይነ ስውሩ ያደረገው ነገር ከኋላ የተቀመጠውን ሁሉ ይጠቅማል። የተናገረውንም ዋና ነገር ቢጽፍ መስማት ለተሳነው ያደረገው ነገር አሳቡ ለባከነ ሁሉ መመለሻ ይሆነዋል።

አራተኛዎቹ «ክፍሉ በተማሪ ተጨናንቋል፤ ገንዘብም የለም» ይላሉ። የእነዚህ ቃል ከሁሉ ይልቅ የሚከበር ነው፤ ከሚያስተምሩት የመጣ ነውና። መምህሩ ብቻውን መወቀስ የለበትም። መጽሐፉን ያሰናዳው፥ ምዕራፉን ያበዛው፥ «በዚህ ወር ይህን ጨርስ» ብሎ ያዘዘው ሁሉ በፍርዱ ሊቆም ይገባዋል። ነገር ግን ገንዘብ የሚጠይቀውና የማይጠይቀው ነገር ይለይ። የብሬል መጻሕፍትና የምልክት ቋንቋ መምህራን ገንዘብ ይጠይቃሉ፤ ይህም የመንግሥት ዕዳ ነው፤ ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚያስከብረውን የዓለም ስምምነት በ2002 ዓ.ም. ተቀብላ አጽድቃለችና፥ በስምምነቱም ስለ ትምህርት የተነገረው ቃል ግልጥ ነው። የቀረው ግን ከሐሳብ በቀር ገንዘብ አይጠይቅም።

ለምሳሌ ክፍልፋይ የሚባለውን የሒሳብ ትምህርት ይመልከቱ። አንዱ መምህር ገብቶ የላዕሉንና የታሕቱን ቍጥር ትርጓሜ በሰሌዳ ጽፎ ያስገለብጣል። ልጁም 8 ከ4 ይበልጣልና አንድ ስምንተኛ ከአንድ አራተኛ ይበልጣል ብሎ ይጽፋል፤ ይሳሳታል፤ ዜሮ ያገኛል። ሌላው መምህር ግን አንድ ድፎ ዳቦ ይዞ ይገባል። «ዛሬ ስንወጣ ከሁለት ድርሻ የትኛው እንደሚበልጥ ሁላችሁም ታውቃላችሁ» ብሎ የትምህርቱን ፍጻሜ አስቀድሞ ይናገራል። ዳቦውን ለሁለት ከፍሎ አንዱን ገማሽ በሁለት፥ ሌላውን ገማሽ በአራት ይቈርሳል። «የራበው ሰው የትኛውን ቍራሽ ያነሣል?» ብሎ ይጠይቃል። ዐይነ ስውሩ ዳስሶ ያውቃል፤ መስማት የተሳነው አይቶ ያውቃል፤ ቋንቋው ገና የሆነበትም ልጅ ሳይናገር አንሥቶ ያሳያል። ቍራሹ የበዛለት ዳቦ ድርሻው እንዳነሰ ሁሉ በዐይኑና በእጁ ከመሰከረ በኋላ ቍጥሩ በሰሌዳ ይጻፋል። ከዚያም መምህሩ ከመውጣቱ በፊት ከየወንበሩ አንዳንዱን ይጠይቃል፤ ያልገባቸውን ለገባቸው ያጣምራል፤ የነገውን ትምህርት ከዚያ ይጀምራል። ለዚህ ሁሉ የወጣው ወጪ አንድ ዳቦ ነው፤ እርሱም ተበልቷል።

ከዚህ ምሳሌ የመልካም ትምህርት ሥርዐት ይወጣል። ፍጻሜው አስቀድሞ በግልጥ ቃል ይነገር። ነገሩ ከትንሹ ወደ ትልቁ፥ ከሚታወቀው ወደማይታወቀው ይሂድ። በጆሮ፥ በዐይንና በእጅ ይሰጥ እንጂ በአንዱ ብቻ አይሰጥ። ተማሪውም ያወቀውን በአንድ መንገድ ብቻ እንዲገልጥ አይገደድ፤ ጽፎ የማይሆንለት ተናግሮ፥ ተናግሮ የማይሆንለት ሠርቶ ያሳይ። ያልገባው ማን እንደ ሆነ በዓመቱ መጨረሻ ሳይሆን በዕለቱ ይታወቅ። ይህም ሁሉ ልጁ ከወደቀ በኋላ የሚለጠፍ መጠገኛ ሳይሆን፥ ትምህርቱ ሲሰናዳ አብሮ የሚታሰብ ይሁን። የአገር ሰው «አስቀድሞ ነበር መጥኖ መደቆስ፤ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ያለው ስለዚህ ላለ ነገር ነው።

ስለዚህ መጽሐፍ የሚያሰናዱ ሰዎች ሥራቸውን ለማተሚያ ቤት ከመስጠታቸው በፊት ይበልጥ ከሚቸገረው ተማሪ ፊት አቅርበው ይፈትኑት፤ እርሱ ካስተዋለው ሌላው አይቸገርም። የትምህርት ሹሞች አንድ ትምህርት ቤት ሁሉ በወደቀ ጊዜ የልጆቹን ስም ከመዘርዘር አስቀድመው የትምህርቱን አሰጣጥ ይመርምሩ። ወላጆችም «ልጄን ቀለም አልዘልቀው አለ» ከማለታቸው በፊት ቀለሙ በምን ዕቃ እንደ ቀረበለት ይጠይቁ።

ብሬል 6 ነጥቦቹን ባያገኝ ኖሮ፥ የፓሪስ ዐይነ ስውራን እስከ ዛሬ ድረስ ንባብ የማይሆናቸው ሰዎች ተብለው በቀሩ ነበር፤ እነርሱም ራሳቸው ይህን ባመኑ ነበር። ዛሬም በኢትዮጵያ በየክፍሉ የኋላ ወንበር ላይ አንገቱን ደፍቶ «እኔ አይገባኝም» እያለ የተቀመጠ ልጅ አለ። ያ ልጅ በእውነት የማይገባው ይሁን ወይስ ገና ለእርሱ የተዘጋጀ ትምህርት ያልደረሰው፥ መንገዱ ሳይፈተን ሊያውቅ የሚችል ማንም የለም። ሳያውቁ መፍረድ ደግሞ በየትኛውም ሸንጎ ግፍ ነው።